ኮስት አካውንቲንግን ለዕቅድና ለቁጥጥር ማጥናት፦ ከየት ይጀመራል፣ የት ላይ ይሳሳታል

ኮስት አካውንቲንግ (የምርት ወጪ ሒሳብ) የሚከብደው በስሌቱ አይደለም። ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል የሚያልፍ ሒሳብ ብዙም የለበትም። የሚያስቸግረው አንዱ ወጪ እንደተጠየቀው ጥያቄ ስሙን መቀያየሩ ነው። የፎርማን (የሥራ ተቆጣጣሪ) ደመወዝ የዕቃው ዋጋ ሲሰላ ኦቨርሄድ (ለአንድ ዕቃ በቀጥታ ሊቆጠር የማይችል የማምረቻ ወጪ) ይባላል፤ ከምርት ብዛት አንጻር ሲታይ ቋሚ ወጪ ይሆናል፤ «ይህን ልዩ ትዕዛዝ እንቀበል ወይስ እንተወው?» ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስሌቱ ጭራሽ ይወጣል። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሞሪስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ኦቨርሄድ ወጪዎች በጻፈው ጥናት ያሰመረበት ነጥብ ይኸው ነው፦ ለተለያየ ዓላማ የተለያየ ወጪ።

ስለዚህ ማንኛውንም ጥያቄ ስትሠሩ ቀመር ከመፈለጋችሁ በፊት በወረቀቱ ራስ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ ጥያቄው ምን እንዲወሰን ነው? ዕቃው ስንት እንደፈጀ ለማወቅ ነው? ለመጪው ወር ለማቀድ ነው? ያለፈውን ወር ሥራ ለመመዘን ነው? ወይስ ከሁለት መንገድ አንዱን ለመምረጥ? ብዙ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ እያወቀ የሚሳሳተው ይህን መስመር ስለሚዘል ነው።

የወጪው መንገድ

መጀመሪያ 4 ቲ አካውንቶችን (በ«T» ቅርጽ የሚሣሉ መዝገቦች፤ በግራ ያለው ዴቢት ይጨምራቸዋል፣ በቀኝ ያለው ክሬዲት ይቀንሳቸዋል) በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሣሉ፦ ጥሬ ዕቃ፣ በሥራ ላይ ያለ ዕቃ፣ ያለቀለት ዕቃ፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪ። ከመጋዘን ወጥቶ ለምርት የዋለ ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ የመጀመሪያውን ክሬዲት፣ ሁለተኛውን ዴቢት ያደርጋል። ቀጥተኛ የሠራተኛ ደመወዝና የተመደበው ኦቨርሄድም ወደ ሁለተኛው ይገባሉ። ዕቃው ሲያልቅ ወደ ሦስተኛው፣ ሲሸጥ ወደ አራተኛው ይሻገራል። የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ በዚህ መንገድ አያልፍም፤ በወጣበት ጊዜ በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫ ይሄዳል። የሻጭ ኮሚሽንን በምርት ወጪ ውስጥ መደመር በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

የኦቨርሄድ አካውንት ለብቻው ይያዝ። በዴቢት በኩል በእርግጥ የወጣው፣ በክሬዲት በኩል ለምርት የተመደበው ይመዘገባል። የምደባው ተመን የሚገኘው የታቀደውን ኦቨርሄድ ለታቀደው የሥራ ወይም የማሽን ሰዓት በማካፈል ነው፤ ከላይም ከታችም የታቀደ ቁጥር ነው የሚቀመጠው። አንዱን ከዕቅድ፣ ሌላውን ከተግባር የወሰደ ሰው ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር ያገኛል። ተመኑ በምን ይባዛል የሚለውም መለየት አለበት፦ በኖርማል ኮስቲንግ (ጥሬ ዕቃና ደመወዝ በእርግጥ በወጣው፣ ኦቨርሄድ ብቻ በታቀደ ተመን በሚያዝበት) በእርግጥ በተሠራው ሰዓት፣ በስታንዳርድ ኮስቲንግ (ሁሉም ወጪ አስቀድሞ በተቀመጠ ልክ በሚያዝበት) ደግሞ ለተመረተው ምርት በተፈቀደው ሰዓት።

ወጪ ከሥራ መጠን ጋር እንዴት ይንቀሳቀሳል

ተለዋዋጭ ወጪ በጠቅላላው ይለዋወጣል፣ በአንድ ዕቃ ግን አይለወጥም። ቋሚ ወጪ ደግሞ በጠቅላላው አይነቃነቅም፣ በአንድ ዕቃ ሲታይ ግን ምርት በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ይህ በደንብ ካልገባ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይንገዳገዳል። «ቋሚ» ሲባልም ለዘለዓለም ማለት አይደለም፤ በተወሰነ የምርት መጠን ክልልና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ምርት በእጥፍ አድጎ ሁለተኛ መጋዘን ካስፈለገ ኪራዩ ይዘላል።

የተቀላቀለ ወጪን፣ ማለትም ቋሚም ተለዋዋጭም ክፍል ያለውን፣ ለመለየት ቀላሉ መንገድ የከፍተኛና ዝቅተኛ ዘዴ ነው። በ9,000 የማሽን ሰዓት ጥገና 46,000 ብር፣ በ4,000 ሰዓት 26,000 ብር ከፈጀ፣ የ20,000 ብሩን ልዩነት ለ5,000 ሰዓት ስናካፍል በሰዓት 4 ብር እናገኛለን። 9,000 በ4 ሲባዛ 36,000 ስለሆነ ቀሪው 10,000 ብር ቋሚው ነው። ወጥመዱ ምርጫው ላይ ነው፤ የሚመረጡት ሰዓቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሆነባቸው ወራት እንጂ ወጪው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሆነባቸው አይደሉም። ዘዴው ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚጠቀም ከሁለቱ አንዱ ያልተለመደ ወር ከሆነ መልሱ ይበላሻል። መጀመሪያ ነጥቦቹን በግራፍ ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል።

በሂደት የሚመረት ዕቃ

ለየብቻው በሚታዘዝ ሥራ ወጪው በትዕዛዙ ካርድ ላይ ስለሚሰበሰብ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ ያለው ዕቃው ሳያቋርጥ በሚፈስበት ምርት ላይ ነው፤ በወሩ መጨረሻ በግማሽ የቀረ ዕቃ አለ። 5,000 ተጀምሮ 4,200 አለቀ እንበል። የቀረው 800 ጥሬ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ገብቶለታል፣ የማምረቻ ሥራው (ደመወዝና ኦቨርሄድ) ግን 40 በመቶ ብቻ ተሠርቶለታል። የወሩ መጀመሪያ ላይ በሥራ ላይ የነበረ ዕቃ ከሌለ፣ በጥሬ ዕቃ በኩል 5,000 ሙሉ ዕቃ ያህል፣ በማምረቻ በኩል 4,200 ሲደመር 320፣ ማለትም 4,520 ዕቃ ያህል ተሠርቷል። ጥሬ ዕቃው 150,000፣ ማምረቻው 90,400 ብር ከፈጀ ለአንዱ 30 እና 20 ብር ይደርሳል። ያለቀው በ50 ብር ሒሳብ 210,000 ይወስዳል፤ የቀረው 24,000 ሲደመር 6,400፣ ማለትም 30,400 ይዞ ይቆያል። ድምሩ 240,400 ነው፣ ከገባው ጋር እኩል። ይህን የመጨረሻ ማመሳከሪያ ያልሠራ መልስ አላለቀም። ሁለቱን የወጪ ዓይነቶች በአንድ የማጠናቀቂያ መቶኛ ማስላት ነው ብዙውን ጊዜ ሚዛኑን የሚያዛባው።

ዕቅዱ

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንድ ምሳሌ እንከተል። አንድ ወርክሾፕ በወር 1,000 ጠረጴዛ ሊያመርትና ሊሸጥ አቅዷል፣ መሸጫው 500 ብር። ለአንዱ 4 ኪሎ ጥሬ ዕቃ በ50 ብር፣ 3 የሥራ ሰዓት በ40 ብር፣ በሰዓት 10 ብር ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ ያስፈልጋል። ተለዋዋጩ ድምር 200፣ 120 እና 30፣ ማለትም 350 ብር ነው። ቋሚ ኦቨርሄዱ በወር 90,000 ብር ነው።

እያንዳንዱ ጠረጴዛ ቋሚውን ለመሸፈን 150 ብር ያዋጣል፤ ኮንትሪቢውሽን ማርጂን የሚባለው ይህ ነው። 90,000 ለ150 ሲካፈል 600 ጠረጴዛ ይመጣል፤ ብሬክ ኢቨን (ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ነጥብ) እዚያ ነው። በ1,000 የሚገኘው ትርፍ 60,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ 90,000ን ለ1,000 አካፍሎ «አንዱ ጠረጴዛ 440 ብር ይፈጃል» ብሎ በዚያ ቁጥር ማቀድ አደገኛ ነው፤ 440 የሚሠራው በትክክል 1,000 ከተመረተ ብቻ ነው።

ቁጥጥሩ

ወሩ አለቀ። ተመርቶ የተሸጠው 900 ጠረጴዛ ነው፣ በ500 ብር። ጥሬ ዕቃ 3,780 ኪሎ በ48 ብር ተገዝቶ ሁሉም ጥቅም ላይ ዋለ፣ 2,800 ሰዓት በ41 ብር ተከፈለ። ወጪውን ከሁለት በጀት ጋር አነጻጽሩት፤ ተጣጣፊ የሚባለው በእርግጥ ለተመረተው 900 ተስተካክሎ የተሰላው ነው፦

| | የመጀመሪያው በጀት (1,000) | ተጣጣፊ በጀት (900) | በእርግጥ የወጣ (900) |
|---|---|---|---|
| ጥሬ ዕቃ | 200,000 | 180,000 | 181,440 |
| ደመወዝ | 120,000 | 108,000 | 114,800 |
| ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ | 30,000 | 27,000 | 28,500 |
| ቋሚ ኦቨርሄድ | 90,000 | 90,000 | 92,000 |
| ድምር | 440,000 | 405,000 | 416,740 |

ከመጀመሪያው በጀት ጋር ብቻ ያነጻጸረ 23,260 ብር ተቆጠበ ብሎ ያመሰግናል። ለ900 ጠረጴዛ መውጣት የነበረበትን ያሰላ ግን 11,740 ብር ከልክ በላይ መውጣቱን ያያል። ዕቅድንና ቁጥጥርን የሚያገናኘው ድልድይ መካከለኛው ዓምድ ነው፤ ተጣጣፊ በጀት ያልገባው ሰው የልዩነት ቀመሮችን ቢሸመድድም የሚለካውን አያውቅም። ከጠቅላላው ጥናት ትልቁን ጊዜ እዚህ ላይ አውሉት።

ትርፉም በዚሁ መንገድ ይፈታል። ከታቀደው 60,000 ወደ 45,000 የወረደው 100 ጠረጴዛ ባለመሸጡ ነው (100 በ150)። ከ45,000 ወደ 33,260 የወረደው ደግሞ በወጪ ነው። የመጀመሪያው የሽያጭና የምርት መጠን ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የግዢና የወርክሾፑ።

አሁን 11,740ን በትኑት። ለጥሬ ዕቃ የዋጋ ልዩነቱ 2 ብር በ3,780 ኪሎ፣ 7,560 ብር የሚጠቅም ነው። የአጠቃቀም ልዩነቱ ግን 180 ትርፍ ኪሎ በ50 ብር፣ 9,000 ብር የሚጎዳ ነው። በደመወዝ በኩል የተመን ልዩነቱ 1 ብር በ2,800 ሰዓት፣ 2,800 የሚጎዳ፤ የቅልጥፍና ልዩነቱ 100 ትርፍ ሰዓት በ40 ብር፣ 4,000 የሚጎዳ። ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ በወጪ 500፣ በቅልጥፍና 1,000፤ ቋሚው 2,000 አልፏል። ሁሉም ተጣርቶ 11,740 ይመጣል።

ቀመሮቹን ለየብቻ ከመሸምደድ አንድ ደንብ ይበቃል፦ የዋጋ ልዩነት በእርግጥ በዋለው መጠን ይባዛል፣ የመጠን ልዩነት በስታንዳርዱ ዋጋ። የተገዛው ሁሉ ካላለቀ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ልዩነት በተገዛው መጠን ቢሰላ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የግዢው ውጤት ዕቃው ከመጋዘን እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። የተፈቀደው መጠን ሁልጊዜ የሚሰላው በእርግጥ ከተመረተው ነው፤ 900 በ4 እንጂ 1,000 በ4 አይደለም። በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ዋናው ስህተት ይህ ነው።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ግን ሥራው ገና ነው። ግዢ ክፍል 7,560 ብር አተረፈ ብላችሁ አትለፉ፤ ርካሹ ዕቃ ብዙ ብክነት አምጥቶ፣ ብክነቱም የሠራተኛውን ሰዓት አራዝሞ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ወርክሾፑን መውቀስ ግፍ ነው። ልዩነት ፍርድ አይደለም፣ ጥያቄ የሚነሣበትን ቦታ ያመለክታል። ሁሉንም መመርመርም አያዋጣም፤ መጠኑ ትልቅ የሆነውና በየወሩ በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገመው ይቅደም።

የቋሚ ኦቨርሄድ የመጠን ልዩነት ለብቻው ይታይ። በ90 ብር ሒሳብ ለ900 ጠረጴዛ 81,000 ብር ተመድቧል፤ ከበጀቱ 90,000 ጋር ያለው 9,000 ብር ያልተመደበ ነው እንጂ ተጨማሪ ገንዘብ አልወጣም። ከ11,740 ጋር አትደምሩት።

ትርፍን የሚያሳምር ምርት

1,000 ተመርቶ 900 ቢሸጥ፣ ቋሚውን ወደ ዕቃው የሚያስገባው አብሶርፕሽን ኮስቲንግ 100 በ90፣ ማለትም 9,000 ብር በመጋዘን ያስቀራል። ቫሪያብል ኮስቲንግ ያንኑ ገንዘብ በወሩ ወጪ ያደርገዋል፤ ትርፉም በ9,000 ያንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዘዴ በትርፍ የሚመዘን ሥራ አስኪያጅ ያልተሸጠ ዕቃ እያከማቸ ውጤቱን ማሳመር ይችላል። ለውስጥ ቁጥጥር ሁለተኛው የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ለመወሰን ሲሆን

ሥራ ፈት አቅም እያለ 100 ጠረጴዛ በ420 ብር የሚገዛ መጣ። 440 የሚለው ቁጥር «ኪሳራ ነው» ይላል። የሚጨምረው ወጪ ግን 350 ብቻ ስለሆነ 7,000 ብር ይገኛል፣ መደበኛው ደንበኛ በዚያ ዋጋ ሽጥልኝ ብሎ ካልተነሣ። አቅሙ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ከመደበኛው ሽያጭ የሚታጣው 150 ብር ይደመርና ከ500 በታች አያዋጣም። ሁለቱን ሁኔታዎች ሳይለዩ መመለስ ግምት ነው።

አሠራሩ

በሳምንት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ለሚያጠና ሰው 10 ሳምንት ይበቃል፦ ለወጪው መንገድ 1፣ ለወጪ ባሕርይ 1፣ ለትዕዛዝና ለሂደት ምርት 2፣ ለብሬክ ኢቨን 1፣ ለበጀትና ለልዩነት 3፣ ለሁለቱ የኮስቲንግ ዘዴዎች 1፣ ለውሳኔ 1። ቅደም ተከተሉን ማፍረስ አይመከርም፤ የወጪ ባሕርይ ሳይገባ ወደ ልዩነት የዘለለ ተመልሶ ይጀምራል።

የተሠራ ምሳሌ ማንበብ የገባን ያስመስላል። መልሱን ሸፍናችሁ በባዶ ወረቀት ሥሩት፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ድገሙት። የተሳሳታችሁትን በደብተር ስትመዘግቡ «ተሳሳትኩ» ብላችሁ አታብቁ፣ ምክንያቱን ጻፉ፦ የታቀደ መጠን ተጠቀምኩ፣ የሽያጭ ወጪ ደመርኩ፣ ቋሚውን በዕቃ አባዛሁ። ከ20 ጥያቄ በኋላ የሚደጋገመው ስህተት 2 ወይም 3 ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የወርክሾፑን ምሳሌ በኤክሴል አስገቡት። ዋጋ፣ ኪሎ፣ ሰዓትና ብዛት በአንድ ቦታ ይቀመጡ፣ ሌላው ሁሉ ቀመር ይሁን። ከዚያ አንድ ቁጥር ለውጡ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከመመለሱ በፊት የትኞቹ ሕዋሳት እንደሚነቃነቁ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ጻፉ። ብዛቱን ከ900 ወደ 950 ስትቀይሩ የተጣጣፊ በጀቱ ቋሚ መስመር ከተነቃነቀ ቀመሩ ቋሚውን በዕቃ እያባዛ ነው ማለት ነው።