አይዞርም፣ ይሳባል፦ አልነቀል ያለ ተሰኪ የፍሎረሰንት አምፖል

እጃችን የለመደው ማዞር ነው። አገር ቤት የምናውቀው አምፖል ወይ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይጠመዘዛል፣ ወይ በሁለት ጆሮዎቹ ገፋ ተደርጎ ይቆለፋል። ረጅሙ ፍሎረሰንት እንኳ ሩብ ዙር ካልዞረ ከመያዣው አይወርድም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ መጥተን የተከራየነው ቤት ኮርኒስ ላይ ያለው አምፖል ሲቃጠል መጀመሪያ የምናደርገው ይዘን ማዞር ነው። ጥፋቱም እዚያ ላይ ይጀምራል።

ኦክላንድ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት፣ አንድ ቀን ጠርታኝ፣ «ልጄ፣ ይህ መብራት ከቤቱ ጋር አብሮ ተሠርቶ ነው እንዴ?» አለችኝ። ወንበር ላይ ቆማ ግማሽ ሰዓት ስታዞረው ቆይታለች። የብርጭቆ ቱቦዎቹ ከፕላስቲክ መቀመጫቸው ላልተው ይወዛወዛሉ፤ አንደኛው ሥሩ አካባቢ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥቷል። መቀመጫው ግን ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ ያለው አምፖል በዚህ ግዛት ቤቶች ውስጥ የበዛው በሕግ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የሕንጻ ኃይል ቁጠባ ደንብ ከኩሽና መብራት በዋት ቢያንስ ግማሹ ቆጣቢ እንዲሆን አዘዘ። ተራ አምፖል ሊጠመዘዝበት የሚችል መያዣ ደግሞ እንደ ቆጣቢ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ ሠሪዎች በእግሮቹ የሚሰካውን አምፖል ኮርኒስ ላይ ሰቀሉልን።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳው ማጥፊያ ብቻውን አይበቃም፤ ሽቦው በትክክል ስለመዘርጋቱ ማንም ማረጋገጫ አልሰጣችሁም። አምፖሉ ሲበራ ቆይቶ ከሆነ 15 ደቂቃ ያህል ይብረድ። መነጽር አድርጉ፣ የላስቲክ መዳፍ ያለው ጓንት ልበሱ፣ ከወንበር ይልቅ መሰላል ተጠቀሙ። ከሥር አሮጌ ጋዜጣ አንጥፉ። ረከቦቱ እዚያው ከሆነ አንሱት።

ብታዞሩትም አይወጣም

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚዞር ነገር የለውም። ሁለት ወይም አራት እግሮች ቀጥ ብለው መያዣው ውስጥ ገብተዋል፤ ግራና ቀኝ ያሉ ስፕሪንግ መሰል መቆንጠጫዎች የፕላስቲክ መቀመጫውን ጥርስ ነክሰው ይዘውታል። ስታዞሩት ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው ብርጭቆና ፕላስቲክ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ነው።

ብርጭቆውን ልቀቁና ፕላስቲኩን ያዙ። በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ጥብቅ አድርጋችሁ፣ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ካልመጣ ወደ ግራና ቀኝ በጣም በትንሹ፣ የላላ የወተት ጥርስ እንደሚነቀነቅ፣ እያወዛወዛችሁ ሳቡት። መያዣው ላይ የሚጫን ምላስ ካለ በሌላው እጅ ተጫኑት፤ ጣት ካልደረሰ ጠፍጣፋ ትንሽ ካቻቪቴ መቆንጠጫውን በስሱ ያርቀዋል። መንቀል እንጂ መፈንቀል አይደለም። ሲለቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጂ24 የሚባለው ዓይነት ቀጥ ብሎ ይሳባል። ጂዩ24 የሚባለው ግን፣ በስም አንድ ፊደል ብቻ ጨምሮ፣ ገፋ ተደርጎ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚወጣው። ስም ያወጡላቸው ሰዎች አምፖል ቀይረው የሚያውቁ አይመስለኝም። መለያው እግሩ ነው፤ የጂዩ24 ሁለት እግሮች አጫጭርና ወፍራም ሆነው ጫፋቸው እንደ ሚስማር ራስ ሰፋ ይላል። የጂ24 እግሮች ግን ቀጫጭን ናቸው። እግሩ ተሰክቶ ስለማይታይ በአምፖሉ ፕላስቲክ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በስልክ መብራት አንብቡ።

ተጋድሞ ተቀምጧል፣ ወደ ታች ሲሳብ አይመጣም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጂ23 ወይም ጂኤክስ23 ነው፤ ሁለት እግሮች ሲኖሩት በመካከላቸው አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ጉብታ አለ፤ ስታርተሩ፣ ማለትም አምፖሉን የሚያስነሣው ክፍል፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አምፖሉ በአንድ ጫፉ ተሰክቶ በሌላው ጫፉ በሽቦ ማቀፊያ ተይዟል። መጀመሪያ ከማቀፊያው ነጻውን ጫፍ ብቻ አላቁ፤ ከዚያ በቁመቱ፣ ጎራዴ ከአፎቱ እንደሚመዘዝ፣ ሳቡት። ወደ ታች ከጎተታችሁት ጉብታው መያዣው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ኮርኒስ ውስጥ ጠልቋል፣ እጅ አያስገባም

የሚያብረቀርቀው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ በስፕሪንግ የተሰቀለ ነው። ጠርዙን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ከሱ በኋላ መቀመጫውን ለመያዝ ቦታ ይገኛል።

ቀጥ ብሎ ተስቦም እምቢ ብሏል

አሁን ዓይናችሁን አምኑ። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ዕድሜው ያለቀ አምፖል ጫፉ ከመጠን በላይ ግሎ መቀመጫውን ከመያዣው ጋር አቅልጦታል። መታገል ይቅር። መያዣው ራሱ መቀየር አለበት፤ ተከራይ ከሆናችሁ ይህ የአከራዩ ሥራ ነው፤ ፎቶ አንስታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ሻወር ቤት ውስጥ ከሆነና እግሮቹ አካባቢ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ከታየ እርጥበት በልቶታል ማለት ነው፤ በትዕግሥት እየነቀነቃችሁ አውጡት፤ የተበላውም መያዣ ይቀየር። የኩሽናው ደግሞ ቅባትና አቧራ ነው፤ የጎረቤቴ በርበሬና ቁሌት የሰባት ዓመት ታሪኩን እዚያ ጽፎ ነበር። ዘይት ወይም የዝገት ማላቀቂያ የሚረጭ ነገር ግን አትርጩ፤ ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ናቸው፣ አቧራም ይሰበስባሉ።

ብርጭቆው እጅ ላይ ቀርቷል፣ መቀመጫው ውስጥ ነው

ብሬከሩ መውረዱን እንደገና ተመልከቱ፤ ቴስተር ካላችሁ ሽቦውን ፈትሹ። ሹል አፍ ያለው ፒንሳ ይዛችሁ የፕላስቲኩን ጠርዝ ነክሳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። የጎረቤቴ እንዲህ ነው የወጣው፤ ስንጥቁን አስቀድሜ በፕላስተር ጠቅልዬ ነበርና ቱቦው አልፈረጠም።

ተሰበረ

ውስጡ ሜርኩሪ አለ፤ መጠኑ ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ነገር ግን ይተናል። ሰውም እንስሳም ከክፍሉ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ አየር ይጥፋ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በመጥረጊያም በአቧራ መጥረጊያ ማሽንም አትንኩት፤ ያሰራጨዋል። ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን አፍሱ፣ ደቃቁን በሚያጣብቅ ፕላስተር ልቀሙ፣ ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ጥረጉ፤ ሁሉንም ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። መስኮቱ ለጥቂት ሰዓታት ክፍት ይሁን።

ሙሉም ይሁን የተሰበረ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው፤ የካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወስደዋል።

ምን ይተካ?

ያንኑ ዓይነት ፍለጋ አትድከሙ፤ በግዛቱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ በእግር የሚሰካ ፍሎረሰንት አምፖል አይሸጥም። ኤልኢዲ ተኩ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የእግሮቹን ቁጥር አስተያዩ፤ ባለሁለት እግሩ በባለአራት እግር መያዣ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ ከነባሩ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው፣ መብራቱ ውስጥ ያለ ዕቃ) ጋር እንደሚሠራ የተጻፈውን ከመረጣችሁ ሰክቶ ማብራት ብቻ ነው የቀረው። ያለ ባላስት የሚሠራው ግን ሽቦ መቁረጥና ማገናኘት ይፈልጋል፤ እሱን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት፤ ሲጨርስም ባላስቱ መነሣቱንና ፍሎረሰንት መሰካት እንደሌለበት የሚናገር ምልክት መብራቱ ውስጥ እንዲለጥፍ ጠይቁት።