በሰሃራ መሀል ጓሮ እንዴት ይለማል? የቲሚያ ሰዎች አሠራር

ቲሚያ ኒጀር ውስጥ፣ በአይር ተራሮች መሀል ያለች፣ የሰሃራ ዘላን ሕዝብ የሆኑት የቱዋሬጎች መንደር ናት። ከአጋዴዝ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ መኪና መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዙሪያዋ ጥቁር ድንጋይ፣ መሀሏ ደረቅ ወንዝ። ከወንዙ ዳር ግን ብርቱካን፣ ሮማን፣ ሎሚና ቴምር ተጠጋግተው ቆመዋል።

እኔ የመስኖ ሰው ነኝ። አይር ውስጥ ሠርቻለሁ። አፋርና ሶማሌ ክልል ያሉ ወዳጆቼ «በረሃ ላይ አትክልት እንዴት ይያዛል?» ሲሉኝ የምነግራቸው የዚችን መንደር አሠራር ነው። ላሰበበት ሁሉ እንዲጠቅም ይኸው በጽሑፍ።

መጀመሪያ ፍየል ይኑራችሁ። ውሃውን በኋላ እንደርስበታለን። የበረሃ አሸዋ ያለ ፍግ ውሃ አይዝም፤ ያጠጣችሁት ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የቲሚያ ነዋሪዎች ኬል ኤዌይ የሚባሉ ቱዋሬጎች ናቸው። በድሮው ኑሯቸው ሴቶቹ ፍየል ያረባሉ። ፍየሎቹም የሴቶቹ ሀብት ናቸው፤ ባል እንደፈለገ አይሸጣቸውም። ወተቱ ተረግቶ ስስ አይብ ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለመንገድም ስንቅ ነው። ፍጉ ደግሞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፍየል የሌለው ሰው ፍየል ካለው ጋር ይስማማ። አትክልቱን ከመትከላችሁ በፊት ፍጉ ቢያንስ ጥቂት ወራት ተከምሮ ይብላላ። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ወንዶቹ ደግሞ ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አሁንም ጥቂቶች አሉ። ይህንን የምነግራችሁ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ ጓሮው ያለ ግመሉ አይገባችሁም። ሙቀቱ ሲበርድ፣ በጥቅምት አካባቢ፣ ቴኔሬ የሚባለውን ባዶ በረሃ አቋርጠው ጨውና ቴምር ወዳለባቸው መንደሮች፣ ወደ ፋሺና ወደ ቢልማ ይወርዳሉ። ከአጋዴዝ እስከ ቢልማ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቴኔሬ ውስጥ ለግመል የሚሆን ሳር የለም። እናም የደረቀ ሳር ጭነው ይሄዳሉ፤ ከፊሉን ለመልስ ጉዞ መንገድ ላይ አስቀምጠውት ያልፋሉ። ማንም አይነካውም። ወደዚያ ሲሄዱ እህልና ከጓሮ የደረቀ ቲማቲም ይይዛሉ። ሲመለሱ ጨውና ቴምር ይጭናሉ። የቢልማ ጨው በሾጣጣ ቅርጽ ተቀርጾ ይመጣል፤ አብዛኛው ለከብት ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃውሳ አገር፣ ወደ ዚንደርና ወደ ካኖ ይወርዱና ጨዉን ሸጠው ሚሌት የሚባለውን ዳጉሳ መሰል እህል፣ ጨርቅና ሌላ ሌላውን ይገዛሉ። የአፋርን የጨው ቅፍለት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ጓሮው ብቻውን ቤተሰብ አይመግብም ነበር። የተወሰነውን ይሸፍናል፤ የቀረውን ግመልና ፍየል ይሞላሉ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይደግፋል። አንድ መራራ እውነትም አለ፤ በብዙ የቱዋሬግ ኦአሲሶች (በረሃ መሀል ውሃ ያለባቸው ለም ቦታዎች) በድሮ ጊዜ ጓሮ የሚቆፍረው ሰው ከባርነት የመጣ ነበር፤ መሬቱም ውሃውም የሌላ ሰው ነው። ስለ ውብ ጓሮ ስናወራ የማን ጉልበት እንዳለማው ልንረሳ አይገባም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ደግሞም በ1984 እና 1985፣ ግመሉም ፍየሉም አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጓሮ ገባ። ጭነት መኪናም የግመሉን ጨው መሻማት ጀመረ። ዛሬ አይር ውስጥ የምታዩት ብዙ ጓሮ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1990ዎቹና ከ2007 እስከ 2009 በነበረው የቱዋሬጎች አመፅ ደግሞ ብዙ ሰው ከአይር መንደሮች ተፈናቀለ። ውሃ የሚያጠጣው ሰው የሄደበት ጓሮ በአንድ በጋ ይደርቃል።

አሁን ወደ ቦታ መረጣ። ደረቁ ወንዝ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ይሞላል፤ ጥቂት ሰዓት ይጋልባል፤ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ውሃው ግን ከአሸዋው ሥር ይቀራል። ስለዚህ ወንዙን መራቅም መጠጋትም አይቻልም። በወንዙ ዳር ያሉ ግራሮችን ተመልከቱ። ቅርንጫፋቸው ላይ የተሰካ ጭራሮና የደረቀ ሣር ታያላችሁ፤ ጎርፉ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ከፍታ በላይ ያለ ደልዳላ መሬት ፈልጉ። ካገኛችሁ ወዲያው በእሾህ እጠሩት። ፍየል ወዳጅ ናት፣ ግን ችግኝ አታስተርፍም።

ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋው ማብቂያ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ውሃው በጣም የሚወርደው ያኔ ነው። ያኔ ውሃ ያገኘ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ አይከዳም። በመስከረም ቆፍራችሁ ቶሎ ውሃ ቢወጣ ደስ አይበላችሁ፤ በግንቦት ሊደርቅ ይችላል። ግድግዳው አሸዋ ስለሆነ እየቆፈራችሁ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ደግፉት። ይህን ሳያደርጉ መውረድ ሕይወት ያስከፍላል። (ስለ ጥልቀት ካነሳን፣ ቴኔሬ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ግራር ነበረች። አጠገቧ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሯ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ ውሃ ላይ ደርሶ ተገኘ። በ1973 ጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት። ግንዷ አሁን በኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው።)

ውሃ ማውጫው ታካርካርት ይባላል። በደንብ ልግለጸው፤ ባየሁት ቁጥር ያስገርመኛል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት የእንጨት ምሰሶ ይቆማል፤ መሀላቸው መዘውር አለ። በመዘውሩ ላይ ወፍራም ገመድ ያልፋል። የገመዱ አንድ ጫፍ ትልቅ የቆዳ ከረጢት ይዟል፣ ሌላው ጫፍ በሬ ወይም ግመል ላይ ታስሯል። ከረጢቱ ከሥሩ ረጅም ቱቦ አለው፤ ይህም ቆዳ ነው። የቱቦውን አፍ ሌላ ቀጭን ገመድ ወደ ላይ አጥፎ ስለሚይዘው ውሃው ከጉድጓድ ሲወጣ አይፈስም። እንስሳው ተዳፋቱን ይዞ ይሄዳል፤ መዘውሩ ይጮኻል፤ ከረጢቱ ይወጣል። አፋፉ ላይ ሲደርስ ቀጭኑ ገመድ ቱቦውን ወደ ቦዩ ይስበውና ውሃው በራሱ ይዘረገፋል። የሚገለብጠው ሰው አያስፈልግም። እንስሳው ዞሮ ይመለሳል፤ ከረጢቱ ይወርዳል። አንድ ልጅ ከበሬው ኋላ እየሄደ ጠዋቱን ሙሉ ሲያስኬደው ታያላችሁ።

ዛሬ ሞተርና የፀሐይ ፓምፕ ገብቷል። እኔ ፓምፕ አልጠላም። ግን ታካርካርት በሬው ሲደክም ይቆማል፤ ጉድጓዱም እስከዚያው ይሞላል። ፓምፕ አይደክመውም። ስለዚህ ፓምፕ ካስገባችሁ በየሳምንቱ ገመድ በድንጋይ አስራችሁ አውርዱና የውሃውን ከፍታ ለኩ። እየወረደ ከሄደ ማጠጫውን ቀንሱ። የጎረቤትም ጉድጓድ ከዚያው ውሃ ነው።

ከቦዩ ሥር መሬቱን በትናንሽ መደቦች ክፈሉት። አንድ መደብ ቁጢጥ ያለ ሰው ሳይረግጠው መሀሉ ላይ የሚደርስበት ይሁን። ዙሪያውን በአፈር ከፍ አድርጉ፤ አንዱ ሲሞላ አፉን በአካፋ ዝጉና ወደሚቀጥለው ክፈቱ። ውሃው በጠዋት ወይም በማታ ይሁን። በብርዱ ወራት ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፤ ክረምት ሲገባ በቆሎ።

ቴምርን ከፍሬው አትዝሩ። ከዘር የበቀለ ቴምር ግማሹ ወንድ ይሆናል፣ ሴቷም ምን ዓይነት ፍሬ እንደምትሰጥ አይታወቅም። ከምታውቋት መልካም እናት ዛፍ ሥር የወጣውን ልጅ ችግኝ ነቅላችሁ ትከሉ፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ፍሬ ታያላችሁ። ከዚያ በየዓመቱ ማዳቀል አለ። ነፋስ ላይ አትተማመኑ። የወንዱ አበባ ሽፋኑን ሰንጥቆ ሲወጣ ጥቂት ዘንጎች ቁረጡ፤ ነጭ ዱቄት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ወደ ሴቷ ዛፍ ውጡ፤ አሁን የተከፈተውን አበባ መሀል ፈልቅቃችሁ ሁለት ሦስት የወንድ ዘንግ ጨምሩ፤ በቅጠሉ ጫፍ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። አንድ ወንድ ለ50 ያህል ሴት ይበቃል፤ ውሃ ለሚጠጣ ወንድ ዛፍ ሁሉ ቦታ አትስጡ። ከቴምሩ ጥላ ሥር ሮማንና ብርቱካን፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ መደቡ። ጥላው ከሌለ የሚያዝያ ፀሐይ ቲማቲሙን ተክሉ ላይ እንዳለ ይቀቅለዋል።

ስለ ገበያ አንድ ምክር። የአይር ሽንኩርትና ድንች በጭነት መኪና ወደ አጋዴዝና ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወርድ ዋጋው ይወድቃል። የመንደሩ ሴቶች መላ አላቸው። ቲማቲሙን ሰንጥቀው ጣሪያ ላይና ድንጋይ ላይ ያደርቁታል፤ ሽንኩርቱንም እንዲሁ። የደረቀው ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ነጋዴን መለመን አያስፈልገውም። ከምርታችሁ ቢያንስ ሲሶውን ለማድረቅ መድቡ። ማድረቂያ የሚሆን ንጹሕ ሰሌን ወይም ምንጣፍ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ስትሰነጥቁ ጨው ነስንሱበት፤ ማታ ማታ ጤዛና አቧራ እንዳይነካው ሸፍኑት።