የጌም ሱስን በካርቱን ለመሳል

እኔ ድሮ እጅን ከጆይስቲክ ጋር በካቴና አስሬ እስል ነበር። ሁሉም ስሎታል፤ አንባቢ አይቶ ያልፈዋል።

አሁን ምልክቱን ከጌሙ ከራሱ እወስዳለሁ። ለምሳሌ የሕይወት መስመሯን፤ ጀግናው ሲመታ እያጠረች የምትሄደውን፣ ስታልቅ የሚሞትባትን። ስክሪኑ ላይ ያለው ጀግና አናት ላይ ሙሉ አረንጓዴ አድርጓት። ከተጫዋቹ አናት በላይ ግን ቀይና ልታልቅ የደረሰች ትሁን። በሩ ላይ እናቱ ሳህን ይዛ ትቁም፤ ከራሷ በላይ፣ ጌም ውስጥ ተልእኮ እንደሚሰጡት ገጸ ባሕርያት፣ ቢጫ ቃለ አጋኖ። ልጁ ዞር አላለም። ሳቁም ሐዘኑም እዚያ ነው።

ሌላ ምልክት አትጨምሩ። የልጁን ፊት አታስቀይሙት፤ ሱሱ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያለ ችግር ነው። ቀልዱ ወጥመዱ ላይ ይረፍ። ከዚያ ጌም ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ካልገባው መስመሯን አወፍሩ።