ዘውድ ያልደፉ ቡጢኞች፦ ስለ እነሱ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ የቦክስ ጨዋታ ከተነሳ የአሊና የታይሰን ስም ይቀድማል፤ ፎርማን ይከተላል፤ ወጣቶቹ ሜይዌዘርን ይጨምራሉ። ፀሐይ በረድ ሲል በከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የየራሱ ንጉሥ አለው። የእኔ ልብ የሚያደላው ግን ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ወደ ቆሙት ነው፤ ዘውዱ ደጃፍ ደርሰው ወደ ተመለሱት፣ ወይም ቀበቶውን ጥቂት ጊዜ ታጥቀው ስማቸው ወዲያው ወደ ተረሳው። ስለ እነዚህ ሰዎች በጀማዓው መሐል የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል፤ ስህተቱ ተደጋጋሚ ነው፣ ደግሞም በቀላሉ ይታረማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የሽንፈት ቁጥር ቆጥሮ መፍረድ

ስልክ ይወጣል፣ ስሙ ይፈለጋል፣ ከዚያ «አቦ! ይሄ ሰውዬ እኮ ከአሥር ጊዜ በላይ ተሸንፏል» ይባላል። ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ጂሚ ያንግ በዚህ መንገድ ስንቴ እንደተጣለ!

የፊላደልፊያው ያንግ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበር። በ1973 ኧርኒ ሼቨርስ በ3ኛው ዙር ጨረሰው። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሼቨርስን ገጥሞ አቻ ወጣ። በ1975 ሮን ላይልን በነጥብ አሸነፈ፤ በ1976 ደገመው። በማርች 1977 ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ ጆርጅ ፎርማንን ገጠመ፤ በመጨረሻው 12ኛ ዙር መሬት አስነክቶት በነጥብ ረታው። ፎርማን ከዚያ ምሽት በኋላ ለአሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ያንግ ከኬን ኖርተን ጋር 15 ዙር ተፋልሞ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ተሸነፈ። በ1978 የዓለም የቦክስ ምክር ቤት ቀበቶውን ከሊዮን ስፒንክስ ወስዶ ለኖርተን ሲሰጥ መሠረት ያደረገው ያንን ውጤት ነው። ያንግንና የዓለም ሻምፒዮንነትን የለያያቸው የአንድ ዳኛ ወረቀት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ሰው ነው። ክብደቱ ጨመረ፣ ፍላጎቱ ቀነሰ፣ ሽንፈት ተደራረበበት፤ ለሚነሱ ወጣቶች መሰላል ሆነ። የሽንፈቱ ቁጥር ያበጠውም በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የአንድን ቦክሰኛ ታሪክ ስታነቡ ድምሩን ተዉትና ዓመት በዓመት ውረዱበት። ማንን ገጠመ? መቼ ገጠመ? ተጋጣሚው በዚያ ሰዓት ምን ያህል ጠንካራ ነበር? ከ1974 እስከ 1977 ያለው ያንግ በየትኛውም ዘመን የከባድ ሚዛን ማንኛውንም ሰው የሚያስቸግር ነበር ብዬ አምናለሁ።

2. «ተሰረቀ» ብሎ ክርክሩን መዝጋት

ይህ ደግሞ የእኛ የወዳጆቻቸው ስህተት ነው። ለምንወደው ሰው ስንል ዳኛውን እንከስሳለን።

ያንግ በኤፕሪል 1976 ሜሪላንድ ላይ አሊን ሲገጥም አሊ ከብዶ፣ ሳይዘጋጅ መጥቶ ነበር። ያንግ ቡጢዎቹን እያሳለፈ፣ እያስታከከ፣ በመልሶ ማጥቃት ሲያስቸግረው አመሸ። ሦስቱም ዳኞች ለአሊ ሰጡ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ያንግ ተዘረፈ ይላል፤ ግጥሚያው ጠባብ እንደነበር እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን አሊ ገፍቶ ሲመጣ ያንግ ጭንቅላቱን በገመዱ መሐል ወደ ውጭ ያወጣ ነበር፤ አንዴ ሁለቴ ሳይሆን ደጋግሞ። በ12ኛው ዙር የመሐል ዳኛው በዚህ ምክንያት ቆጠራ ጀመረበት። ሻምፒዮን ቀበቶውን ሊነጠቅ ሲል ፈታኙ ከሪንጉ ውጭ መሸሸጊያ የሚፈልግ ከመሰለ ዳኞች ጠባቡን ዙር ለማን እንደሚሰጡ ግልጽ ነው። ያንግን እወደዋለሁ፤ ያንን ምሽት ግን ራሱም አበላሽቶታል።

የጋናው አይክ ኳርቴይም እንዲሁ ነው። በፌብሩዋሪ 1999 ላስ ቬጋስ ላይ ከኦስካር ዴላ ሆያ ጋር ሲጋጠም ጃቡ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረው ቀጥታ ቡጢ) እጅግ ያማረ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ጃብ በዌልተር ሚዛን (67 ኪሎ ግድም) ብዙም አይታይም። በ6ኛው ዙር ሁለቱም ተራ በተራ ወደቁ። ኳርቴይ ግን እጁን መልቀቅ በነበረበት ጊዜ ተቆጥቦ ቆየ፤ በ12ኛው ዙር ዴላ ሆያ ያለውን ሁሉ አፍስሶ ጣለው፣ በተከፋፈለ ድምፅም አሸነፈ። «ተሰረቀ» የሚለው ቃል ያንን 12ኛ ዙር ይሸፍነዋል። ለመማር የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ማየት ያለበት እሱን ነው፤ እየመሩ መስሎ ሲታይ መቆጠብ ምን እንደሚያስከፍል።

3. ዕድል የተነፈገውን አቅም እንዳነሰው መቁጠር

«ጎበዝ ቢሆን ኖሮ ለቀበቶ አይጋጠምም ነበር?» የሚል ጥያቄ እሰማለሁ። መልሱ ቻርሊ በርሊ ነው።

በርሊ የፒትስበርግ ሰው ነው፤ ወደ መቶ በሚጠጉ ግጥሚያዎች አንድም ጊዜ በዝረራ አልተሸነፈም። ፍሪትዚ ዚቪክን ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሁለቱን አሸነፈ፤ በ1940 ሄንሪ አርምስትሮንግን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን ዚቪክ ነው። በ1944 አርቺ ሙርን መሬት አስነክቶ በነጥብ ረታ፤ ሙር በኋላ በ1952 የዓለም ቀበቶ ታጠቀ፣ በርሊንም ከገጠማቸው ሁሉ የላቀ አድርጎ ይጠቅሰው ነበር። ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሹገር ሬይ ሮቢንሰን በበርሊ ዘመን፣ በአቅራቢያው ክብደት እየተጋጠመ አንድም ቀን አልገጠመውም። በርሊም ለዓለም ቀበቶ አንድም ጊዜ ሳይጋጠም ጓንቱን ሰቀለ።

ምክንያቱን ለመረዳት ያን ዘመን ማወቅ ይጠይቃል። ጥቁር ነው፤ ለመምታት አስቸጋሪ ነው፤ ሕዝብ የሚያስጮህ አቧራ የሚያስነሳ ስልት የለውም፤ ከኋላው የሚገፋ ባለ ገንዘብ የለም። ለሻምፒዮኑ አስተዳዳሪ እንዲህ ያለ ሰው አደጋው ብዙ፣ ገቢው ጥቂት ነው። እንደ እሱ የተገለሉ ሌሎች ጥቁር ቦክሰኞችም ነበሩ፤ ሆልማን ዊሊያምስና ሎይድ ማርሻል ይጠቀሳሉ። ሥራ ሲያጡ እርስ በርሳቸው ደጋግመው ይጋጠሙ ነበር። ከእነሱ በፊት ደግሞ ሳም ላንግፎርድ አለ፤ በ1906 በጃክ ጆንሰን ተሸነፈ፣ ጆንሰን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን ሁለተኛ ዕድል አልሰጠውም። ጥቁሩ ሻምፒዮን ራሱ ጥቁሩን ፈታኝ መሸሹ የዚያን ገበያ ባህርይ ያሳያል።

በርሊ በኋላ በፒትስበርግ ከተማ ቆሻሻ በመሰብሰብ ሥራ ተቀጥሮ ኖረ። ይህን ሲሰሙ «ውይ፣ ምስኪን!» የሚሉ አሉ። እኔ ምስኪን አልለውም። የወር ደሞዝ ያለው፣ አእምሮው ሳይጎዳ ከሪንግ የወጣ፣ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ነው። በ1992 ስሙ በዓለም አቀፉ የቦክስ ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

4. አንድን ሰው በአንድ ምሽት መጠቅለል

የኡጋንዳው ጆን ሙጋቢ ሲነሳ «ኖሪስ በ1ኛው ዙር የዘረረው?» ይባላል። አዎ፣ በ1990 ቴሪ ኖሪስ በ1ኛው ዙር ዘርሮታል። ከዚያ በፊት የነበረውስ? በሞስኮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ የመካከለኛ ሚዛኑን ሻምፒዮን ማርቪን ሃግለርን እስኪገጥም ድረስ ያሸነፈውን ሁሉ በዝረራ ነው ያሸነፈው። በማርች 1986 ከለመደው 70 ኪሎ ግድም ወደ 72 ተኩል ወጥቶ፣ ያን ጊዜ ማንም ሊነካው ያልቻለውን ሃግለርን በ11ኛው ዙር እስኪሸነፍ ድረስ አደከመው። በ6ኛው ዙር የተቀበለውን የቡጢ ውርጅብኝ ቆሞ ማለፉን አይቶ የማይደነቅ የለም።

ሪንጉ ዳር ተቀምጦ የነበረው ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ሃግለርን ማሸነፍ እንደሚችል ያመነው ያን ምሽት አይቶ ነው። ቀጣዩ ዓመት ገጠመው፣ አሸነፈውም፤ ሃግለር ከዚያ ወዲህ አልተጋጠመም። የሊዮናርድን ድል የሚያወድስ ሰው የሙጋቢን ድርሻ መተው የለበትም። ሙጋቢ ራሱ በ1989 የዓለም ቀበቶ አግኝቷል፤ ተጋጣሚው ሬኔ ዣኮ በ1ኛው ዙር ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ስለወጣ ግን ድሉን ማንም በደስታ አላወራለትም።

5. የቡጢ ክብደትን ከችሎታ ጋር ማምታታት

ሼቨርስ 68 ሰዎችን በዝረራ አሸንፏል፤ በ1979 ኖርተንን በ1ኛው ዙር፣ ከዚያም ሻምፒዮኑን ላሪ ሆልምስን በ7ኛው ዙር መሬት አስነክቷል። ሆልምስ ግን ተነስቶ በ11ኛው ዙር አሸነፈው። ከባድ እጅ ስጦታ ነው፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ትንፋሽ ከሌለ ግን ሻምፒዮን አያደርግም። ይህን ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

6. ጎረቤቶቻችንንና ራሳችንን መርሳት

በእኛ ክርክር ውስጥ አሜሪካ እንጂ ናይሮቢ አትነሳም። የኬንያው ፊሊፕ ዋሩይንጌ በ1968 ሜክሲኮ በ57 ኪሎ ምድብ ነሐስ ብቻ አገኘ። ነገር ግን በዚያ ኦሊምፒክ የምርጥ ቦክሰኛ ሽልማት የሆነው የቫል ባርከር ዋንጫ የተሰጠው ለእሱ ነው። ወርቅ ያገኙት ሁሉ እያሉ! በ1972 ሙኒክ ደግሞ ብር ወሰደ። በኋላ ጃፓን ሄዶ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ1976 ለዓለም ቀበቶ ተጋጥሞ ተሸነፈ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት በሚሆን ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ ስሙን አለማወቃችን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ «ድሮም ቦክሰኛ አልነበረንም» የሚል ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል፤ አገራችን የ1976ቱን የሞንትሪያል፣ የ1984ቱን የሎስ አንጀለስና የ1988ቱን የሴኡል ኦሊምፒክ አልተካፈለችም። ከ1972 እስከ 1992 ባሉት ሃያ ዓመታት የተሳተፍነው በሞስኮው ብቻ ነው። ሯጮቻችንም ተጎድተዋል፤ በ1988 የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በላይነህ ዲንሳሞ በዚያው ዓመት ሴኡልን አላያትም። ምሩጽ ይፍጠር ግን ሞንትሪያል ቢያመልጠው ሞስኮን ጠብቆ ሁለት ወርቅ ወሰደ።

የቦክሰኛ ዕድሜ ያን ያህል አይጠብቅም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ያበበ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ክብደቱ ይቀየራል፣ እጁ ይታመማል፣ ትዳር ይይዛል፣ ሥራ ይገባል። ኬንያ ወደ ሴኡል ሄዳ ሮበርት ዋንጊላ በዌልተር ሚዛን ወርቅ አመጣላት። የእኛ የዚያ ዘመን ልጆች እዚያ ቢሄዱ ምን ያመጡ እንደነበር መለኪያ የለንም፤ ስለዚህ ትንሽ እንደነበሩ አድርገን የመናገር መብትም የለንም። በርሊም በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክን ትቶ ባርሴሎና ላይ ለተጠራው የተቃውሞ ውድድር ሄዶ፣ የስፔን ጦርነት ፈንድቶ ሳይጋጠም ተመልሷል። ቦክሰኛን ከሪንግ ውጭ የሚጥለው ነገር ብዙ ነው።

ስለዚህ በከተማችን ጓንት አጥልቀው የነበሩ አዛውንቶች ካሉ፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የት ተጋጠማችሁ፣ በስንት ኪሎ፣ ከማን ጋር፣ ዳኛው ማን ነበር ብላችሁ መዝግቡ። በጽሑፍ የተረፈው ጥቂት ነው።

7. ቡጢ መቀበልን እንደ ጀግንነት ማወደስ

ይህ ከሁሉ በላይ የምፈራው ስህተት ነው፤ ክርክር ብቻ ሆኖ ስለማይቀር። ልጆች ሲለማመዱ ዳር የቆመው ሰው «ይሄ ልጅ ይችላል፣ ቢመቱትም አይወድቅም» ብሎ ሲያደንቅ ይሰማል። ልጁም ይሰማዋል፤ መከላከሉን ይተዋል።

ጄሪ ኳሪ ከአሊ ሁለት ጊዜ፣ ከፍሬዚየር ሁለት ጊዜ ተጋጥሟል። ላይልንና ሼቨርስን በ1973 አሸንፏል። ቅንድቡ ቶሎ ይቀደድ ነበር፤ ደም እየፈሰሰው ወደ ፊት መሄዱን ሕዝብ ወደደለት። በ1999 በ53 ዓመቱ ሲሞት በቡጢ ብዛት አእምሮው ተጎድቶ፣ ራሱን ችሎ መልበስና መብላት አቅቶት ነበር። ሜልድሪክ ቴይለርን ደግሞ ሁሉም የሚያስታውሰው በማርች 1990 ከሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝ ጋር ሲጋጠም፣ በሁለት ዳኞች ወረቀት እየመራ፣ 2 ሰከንድ ሲቀር ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ስላስቆመው ነው። ስለ 2ቱ ሰከንድ ስንከራከር ከዚያ በፊት የነበሩትን 11 ዙሮች እንረሳለን። ቴይለር ፈጣን እጅ ነበረው፤ መምታትና መራቅ ይችል ነበር፤ ግን ቆሞ ከቻቬዝ ጋር መለዋወጥን መረጠ። በኋላ ሌላ ቀበቶ ቢያገኝም ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። ቴይለር ወድቆ ሲነሳ ስቲል ደህና ነህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው መልስ አላገኘም፤ እኔ ብሆንም አስቆመው ነበር።

8. ቁርጥራጭ ቪዲዮ አይቶ መፍረድ

ዝረራ ብቻ የተለቀመበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለሼቨርስ ይሆናል፤ ያንግን፣ በርሊን፣ ኳርቴይን ግን ያጠፋቸዋል። የእነሱ ጥበብ ያለው ባልተመታው ቡጢ ላይ ነው። ሙሉውን ግጥሚያ ለማየት ኢንተርኔቱ ካስቸገረ ተባብራችሁ አንድ ስልክ ላይ አውርዱት፣ ከዚያ ተቀባበሉት። ድምፁን ዝጉ፤ የተንታኙ ጩኸት ዓይንን ይመራል። እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ነጥባችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከጓደኛችሁ ጋር የምታስተያዩት ግን በመጨረሻ ይሁን።

ለመጀመሪያ የምመክረው የያንግና የፎርማንን ነው። 7ኛውን ዙር በደንብ ተመልከቱ፤ ፎርማን መትቶ ያንገዳግደዋል፣ ያለቀ ይመስላል። ያንግ የት እንደሚቆም፣ ክንዱን በማን ክንድ ላይ እንደሚጠመጥም፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚመልስ እዩ፤ ከዚያ ሳታቋርጡ እስከ 12ኛው ሂዱ።