ፕሮፔለር ሻፍት ስትቀይሩ መኪናው እንዳይንቀጠቀጥ

ሃይሉክስ፣ ሃይስ፣ አይሱዙ ምናምን ላይ ሻፍት (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል ሚያደርሰው ረጅም ቱቦ) ተቀይሮ ፍጥነቱ ከ70 ከ80 ኪሎሜትር በላይ ሲሆን ወለሉ መንዘር ከጀመረ ሁሉም ቀጥታ ባላንስ ነው፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን አድልቷል ነው ሚለው። እኔ ግን መጀመሪያ አገጣጠሙን እዩት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ደህና ባላንስ የሆነ ሻፍት ራሱ ተሳስቶ ከታሰረ ያንቀጠቅጣል።

ሻፍቱ መሆኑን ደሞ ለዩ። መሪው ላይ ሚሰማው በብዛት የፊት ጎማ ነው፣ የሻፍት ግን ከወለልና ከወንበር ነው ሚመጣው፣ ሻፍቱ ከጎማው ወደ 4 እጥፍ ስለሚፈጥን ንዝረቱም ቶሎ ቶሎ ነው።

ስትፈቱ የፊት ጎማ ላይ ድንጋይ አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እንዳትገቡ። ከዛ ቡሎን ሳትነኩ ሻፍቱና የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (በቡሎን ሚታሰሩበት ክብ ብረት) ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ጥርሱ ሚንሸራተትበት ቦታም ላይ እንደዛው፣ ይቺን ሁለት ደቂቃ ማትፈጅ ስራ ነው ሰው ሚዘላት። አዲሱ ሲገባ በአንድ ሻፍት ሁለት ጫፍ ያሉት የክሮቸራ (ሻፍቱ እንዲተጣጠፍ ሚያደርገው መስቀል መገጣጠሚያ) ሹካዎች አንድ መስመር ላይ መተኛት አለባቸው፣ አንድ ጥርስ ከዞረ አለቀ፣ ምንም ባላንስ አያድነውም። ባለሁለት ቁራጭ ሻፍት የራሱ አቀማመጥ ሊኖረው ስለሚችል እዛ ላይ የፋብሪካውን ምልክት እመኑ።

ከሶማሌ ተራ አሮጌ ሻፍት ምትገዙ ከሆነ ቱቦውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ትንሽ ስርጉድ ካለው ተዉት። የተበየዱት ትንንሽ ብረቶች የባላንስ ክብደት ናቸው፣ ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳታስነሱ። የደረቀውን ጭቃ ግን ፍቁት፣ በክረምት በገላንና በቱሉ ዲምቱ ጥቁር አፈር የሄደ መኪና ሻፍቱ ላይ ሚጋገረው ጭቃ ብቻውን ያንቀጠቅጣል።

ክሮቸራ በመዶሻ ሚደበድብ ጋራዥ ሞልቷል። የክሮቸራው ጫፎች ላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ስፒሎች አንዷ ከወደቀች ኩባያው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ መያዣው ቀለበትም ቦታው ላይ አይቀመጥም፣ ስለዚ ቀለበቱ አልገባ ካለ በግድ አትምቱት፣ አውጥታችሁ ስፒሎቹን በግሪስ አጣብቃችሁ መልሱ። ሲያልቅ በሁሉም አቅጣጫ በእጅ ሲታጠፍ ሳይያዝ መሄድ አለበት። ባለሁለት ቁራጭ ከሆነ ሻፍቱን መሃል ላይ ሚይዘውን ኩሽኔታም እዩ፣ ጎማው ከተቀደደ ሻፍቱ ይወዛወዛል።

ለጭነት ብላችሁ ባሌስትራ ጨምራችሁ ከሆነ የዲፈረንሻሉ አንግል ይቀየራል፣ ያኔ በተለይ ከቆመበት ሲነሳ ነው ሚንዘረው፣ መፍትሄውም አንግሉን ማስተካከል ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልጠፋ ፍላንጁን ፈታችሁ ሻፍቱን 180 ዲግሪ አዙራችሁ እሰሩት፣ የዲፈረንሻሉና የሻፍቱ ስህተት አንድ ጎን ተደምሮ ከሆነ ይቀንሳል። ካልሆነ የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያ ክላምፕ የሻፍቱ ጫፍ ላይ አጥብቃችሁ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞክሩ፣ የክላምፑ ቡሎን ራሱ ነው ክብደቱ። ለሙከራ ከቱሉ ዲምቱ ሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ አሪፍ ነው፣ ለጥ ያለ ስለሆነ አንድ ፍጥነት ይዛችሁ ታዳምጣላችሁ። መኪናውን አንስታችሁ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ስር መተኛት ግን የለም።

ክላምፑ በየትኛውም ቦታ ለውጥ ካላመጣ ያኔ ማሽን ጋ ውሰዱት፣ ባለሁለት ቁራጭ ከሆነ ከነመሃል ኩሽኔታው ተገጣጥሞ ባላንስ ይደረግ በሉ፣ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ የተበየደ ሻፍት ከሆነ ደሞ ከመጀመሪያው እዛው ነበር መሄድ የነበረበት።