ብቻውን የተገኘ የድኩላ ግልገል፦ ችግርና መፍትሄ

እንጦጦ ጫካ ውስጥ ወይም ዛፍ በበዛበት ሰፊ ግቢ ግልገል ስታገኙ መጀመሪያ ከቆማችሁበት ሆናችሁ እዩት። ቀላ ያለ ቡናማና ጭኑ አካባቢ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ድኩላ ነው። አነስ ያለ፣ ግራጫማና አፍንጫው ላይ ጥቁር መስመር ያለው ሚዳቋ ነው። ለሁለቱም የሚደረገው አንድ ነው።

ምልክት፦ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቷል። ሰው ሲጠጋው አይሸሽም፣ አይጮህም። እናቱ የለችም።

ምክንያት፦ ጤነኛ ነው። የሚያጋጥመው ሁሌ ማለት ይቻላል ይኸው ነው፤ ብዙ ግልገልም የሚሞተው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተጣለ መስሏቸው ሰዎች ሲያነሱት ነው። ድኩላ ልጇን ደብቃ ነው የምታሳድገው። ቅጠል የበዛበት ቦታ ታስተኛውና ለግጦሽ ትሄዳለች። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልሳ ታጠባዋለች፣ ትልሰዋለች፤ ጅብና ውሻ በጠረን እንዳያገኙት በጠጡን እንኳ ትበላለታለች። ይህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። ግልገሉ አደጋ ሲሰማው አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጆሮውን አጣጥፎ ድርቅ ይላል። «ደክሞ ነው እንጂ ይሮጥ ነበር» የሚባለው ይህንን አይቶ ነው። አልደከመም።

እናቲቱ የማትመጣው እናንተ ስለቆማችሁ ነው። ጫካ ውስጥ ሻካራ፣ የውሻ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ውሻ ላይሆን ይችላል፤ ድኩላ ስትደነግጥ እንደዚያ ትጮሃለች። ቀንድ ያለው ድኩላ ካያችሁ ደግሞ ወንድ ነው፤ እናቱ ቀንድ የላትም።

መፍትሄ፦ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ አሁኑኑ እሰሩት። ቦታውን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የፓርክ ጥበቃ ካለ ንገሩት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ እዩ። ቦታ ከቀየረ ወይም ጸጥ ብሎ ከተኛ ጉዳዩ አልቋል። በየሰዓቱ እየተመላለሱ ማየት እናቱን ማባረር፣ ለውሻም መንገድ ማሳየት ነው። ዝናብ ስለመታው ብቻም አይነሳም።

ምልክት፦ ግልገሉ ቤት ገብቷል።

ምክንያት፦ ቅዳሜና እሁድ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳን አልፎ ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው «እናቱ ጥላው ነው» ብሎ በጃኬት ጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ ያስገባዋል። ማታ ኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ላይ አራት እግሩ ተበርግዶ ይንሸራተታል፣ ልጆች ይከቡታል፣ ስልክ ይደቀንበታል፣ የላም ወተት በስኳር ይሰጠዋል። በማግስቱ ተቅማጥ ይይዘዋል። የድኩላ ወተት ከላም ወተት ይልቅ በስብና በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ስኳር ደግሞ ተቅማጡን ያባብሰዋል። በጀርባው አስተኝተው ሲያጠጡት ወተቱ ሳንባው ይገባል።

ከዚህ የባሰው ድንጋጤው ነው። ተሯሩጦ የተያዘ፣ የታሰረ፣ ከእጅ እጅ የተቀባበሉት እንስሳ ጡንቻው ከውስጥ ይፈርሳል። ሽንቱ ይጠቁራል፣ እግሩ ይዝላል፤ ከተያዘ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሞታል። «ደህና ነበር፣ ድንገት ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ደህና አልነበረም፤ ዝም ማለቱን እንደ መላመድ ስለቆጠሩት ነው።

መፍትሄ፦ ዛሬውኑ መልሱት። እናት ልጇን እየዞረች ትፈልጋለችና ቶሎ ከተመለሰ ተስፋው ትልቅ ነው። አየር የሚያስገባ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፉ፣ ግልገሉን አስገቡ፣ ከላይ በስሱ ጨርቅ ሸፍኑ። እግሩን በገመድ አትሰሩ፤ ይሰበራል። የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስገቡ፣ ሙዚቃ ዝጉ። የተገኘበት ቦታ፣ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር፣ በማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሳይመሽ አስቀምጡትና ሂዱ። «የሰው ጠረን ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ሰው በዚህ ምክንያት መመለሱን ይተዋል።

ምልክት፦ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ሰው እየተከተለ ይንከራተታል፣ ወይም ጎኑ ላይ ተዘርሮ አንገቱን ማንሳት አቅቶታል። ደም፣ የውሻ ንክሻ፣ ወይም ቁስል ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ የዝንብ እንቁላል ይታያል። እናቱ አጠገቡ ሞታለች።

ምክንያት፦ እውነተኛ ችግር ይህ ነው፤ ባብዛኛው የለቀቁት ውሻ ያመጣው። ውሻቸውን ጫካ ውስጥ ፈትተው የሚለቁ ሰዎች ሊያፍሩ ይገባል።

መፍትሄ፦ የፓርኩን ጥበቃ ወይም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንን አሳውቁ፣ የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ፦ ውሻ የነከሰው እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ነገ አትበሉ።

እስኪደርሱ ጨለማና ጸጥ ያለ ካርቶን ውስጥ ይቆይ። ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ይሙቅ፦ ለብ ያለ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጎኑ ላይ አድርጉ። የቀዘቀዘን እንስሳ ምንም አታጠጡ። የሐኪም እርዳታ የሚዘገይ ከሆነ፣ ግልገሉም ሞቆ፣ ቆሞ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ብቻ፣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጥ፣ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በአንድ ጊዜ ከ50 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ በሲሪንጅ፣ ከአፉ ጎን፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስጡ። ካሳለ አቁሙ።

አጥር ውስጥ የተያዘ፦ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሽቦውን ቁረጡ፣ እግሩን አትጎትቱ። ቦይ ውስጥ የወደቀ፦ አውጥታችሁ እዚያው ዳር ተዉት።

ቤት ማሳደግ የሚባል አማራጭ የለም። የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሰው እጅ ያደገ ወንድ ድኩላም ቀንድ ሲያወጣ ሰው ይወጋል።