ድመት ሲጠፋባችሁ ሩቅ አትሂዱ

ድመቴ ቡሬ የጠፋ ጊዜ ደሴን ሳካልል ነው የከረምኩት። ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ መንገድ ላይ ያየሁትን ጥቁርና ነጭ ድመት ሁሉ በስሙ እየጠራሁ፣ ሰው እየሳቀብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ሌሊት የተገኘው የት መሰላችሁ? ከአልጋዬ በላይ። እኛና ጎረቤታችን በምንጋራው ኮርኒስ ውስጥ፣ አንዱ ሞራሌ ላይ ተለጥፎ። ያን ሁሉ ስጣራ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ዝም አለኝ እንጂ።

ድመታችሁ ቅርብ ናት። በተለይ ከቤት ብዙ የማትወጣ ከሆነች፣ ውሻ አባሯት ወይ የሆነ ነገር አስደንብሯት ከወጣች፣ መጀመሪያ ያገኘችው ጨለማ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ትቀራለች። ቢበዛ ጥቂት ቤት ብታልፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፁ ላይ ነው። "ስሟን ጠራሁ፣ ብትኖር ሚያው ትል ነበር" ይላል። ድመት ለአይጥ አዳኝ ብትሆንም ለውሻና ለጅብ ራሷ ታዳኝ ናት። ስትፈራ ወይ ስትጎዳ ድምፅ ማጥፋት ነው ተፈጥሮዋ። የእናንተን ድምፅ እያወቀችው እንኳ ትንፍሽ አትልም። ዝም ስላለች የለችም አትበሉ።

መጀመሪያ የተዘጋውን ሁሉ ክፈቱ

ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ቤቱን በርብሩ። ቁምሳጥን፣ የብርድ ልብስ ሻንጣ፣ ከአልጋ ስር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ። ሶፋውን ገልብጡት፤ ከስሩ ያለው ስስ ጨርቅ ከተቀደደ ድመት ውስጡ ትገባለች፣ እናንተም ላይዋ ላይ ተቀምጣችሁ ትፈልጓታላችሁ።

ከዚያ ማድቤት። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ድመት ሙቀት ፍለጋ የማትገባበት የለም። ምድጃ ውስጥ አመዱ ላይ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። ስለዚህ ድመት የጠፋ ዕለት እንጀራ ለመጋገር እሳት ከማያያዛችሁ በፊት ውስጡን በባትሪ እዩት። በዚሁ ምክንያት መኪና ያላችሁ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኖውን ሁለቴ ሦስቴ ምቱ፤ ገና ያልቀዘቀዘ ሞተር ለድመት እንደ ምድጃ ነው። ኮምቦልቻ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል፣ እዚያ የምትፈልገው ጥላ ነው፤ ጀርባ በኩል ያለውን ቦይና የቆመ መኪና ስር እዩ። ኮንቴነር ውስጥ ተዘግቶባት ከሆነ ግን አትዘግዩ፣ ቀን ላይ ሙቀቱ አይቻልም።

ግቢ ውስጥ ደግሞ የማገዶ ክምር፣ የከሰል ጆንያ፣ ከሮቶው ስር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ በጣሪያና በኮርኒስ መሀል ያለው ክፍተት። ኮርኒስን ደግሜ የምናገረው ቂም ይዤ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ይዤ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ድመቷ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየች ወዲህ ምን ተከፍቶ ተዘጋ? አከራይዋ ዕቃ ቤት ገብተው ሽንኩርት አውጥተዋል? ከግቢው ተከራዮች አንዱ ክፍሉን ቆልፎ አገር ቤት ሄዷል? ደውሉለትና ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁት። ግቢው ፊት አይሱዙ ቆሞ እህል ሲጭን ነበር? ሹፌሩን ወይ ረዳቱን አፈላልጉ፤ ሸራ ስር ተኝታ ወልዲያ የምትደርስ ድመት አለች። ሰው "አይቻለሁ፣ የለችም" ቢላችሁ አመስግኑና "እስቲ እኔም አንዴ ልይ" በሉ። እሱ ያየው ከበሩ ቆሞ ነው። እናንተ ተንበርክካችሁ ማየት አለባችሁ።

ሌሊቱ ነው ሥራው

ቀን ላይ ባጃጅ፣ ውሻ፣ ልጅ፣ ጡሩምባ። የፈራች ድመት በዚያ መሀል አትወጣም። እኔ የምመክረው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ነው፣ ከሱብሒ አዛን በፊት፣ ከተማው ጭር ሲል። ሰዓት እላፊ ካለ ወይ ሰፈራችሁ ጅብ የሚመላለስበት ከሆነ ግቢያችሁ ውስጥ ብቻ ሁኑ፣ ብቻችሁንም አትውጡ። ለድመት ተብሎ በጅብ አይበላም።

ባትሪውን እንዴት እንደምትይዙት ልዩነት አለው። ወደ ታች አንጠልጥላችሁ አትሂዱ። ጉንጫችሁ አጠገብ፣ በዓይናችሁ ልክ ያዙት። የድመት ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው የገባውን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ ባትሪው ዓይናችሁ አጠገብ ካልሆነ ነጸብራቁ ያልፋችኋል። ቡሬን ያገኘሁት እንዲህ ነው። የጎረቤታችን ኮርኒስ ጥጉ ላይ ተነቅሏል። ወንበር ላይ ቆሜ ስልኬን ጉንጬ ላይ ለጥፌ አበራሁ። አቧራ። የሸረሪት ድር። የኤሌክትሪክ ገመድ። ጥጉ ላይ ሳንቲም የሚያክሉ ሁለት አረንጓዴ ነገሮች። ጠፉ፣ ተመልሰው በሩ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ነው።

እንዲህ ስታገኟት አትጩሁ፣ እጃችሁንም አትስደዱ። ከተደናገጠች ከዚያም ትሸሻለች። እኔ ወንበሩን ትቼ መሬት ቁጭ አልኩ፣ ሳንባ ሳህን ላይ አደረግሁ፣ በቀስታ "ውሮ ውሮ" እያልኩ ዓይን ዓይኑን ሳላየው ጠበቅኩ። አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። እግሬ ደንዝዟል። ሲወርድ ጥቁሩም ነጩም ቀርቶ ሙሉ ግራጫ ሆኖ ነበር።

ዛፍ ላይ ካገኛችኋት ደግሞ ትዕግሥት። የድመት ጥፍር የታጠፈው ለመውጣት እንዲያመቻት ነው፣ በጭንቅላቷ ወደ ታች ስትመጣ አይይዝላትም። በተለይ ልሙጥ ባህር ዛፍ ከሆነ መሰላል አስጠጉላት። ድንጋይ የሚወረውረውን ልጅ አባሩ።

ሽታና አመድ

ሳንባ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ከሥጋ ቤት ትንሽ ሳንባ ግዙና ለብ አድርጉት፤ የሞቀ ነገር ሽታው ሩቅ ይሄዳል። በፆም ቀን የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፣ ደሴ የመኖር አንዱ ጥቅም ይሄ ነው። ሰርዲንም ይሠራል። ከሀይቅ የመጣ ዓሳ ካገኛችሁ ደግሞ አንጀቱንና ጭንቅላቱን አትጣሉት። ግን ትንሽ ትንሽ ነው የሚደረገው፣ ያውም እናንተ ባላችሁበት። ክምር አድርጋችሁ ብትተኙ የሰፈር ውሻ ነው የምትጋብዙት፣ ውሻ ባለበት ደግሞ ድመቷ አትመጣም። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳይታጠብ በር ላይ አድርጉላት። አንድ መስኮት ወይ የበሩን ጥግ ክፍት ተዉ።

አመድ ደግሞ ነፃ ካሜራ ነው። የጠረጠራችሁት ቀዳዳ ፊት፣ ከሳህኑ አጠገብ፣ ማታ በወንፊት ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ። ጠዋት ዱካ ታያላችሁ። የድመት ዱካ ክብ ነው፣ አራት ጣት አለው፣ የጥፍር ምልክት ግን የለውም፤ ስትራመድ ጥፍሯን ትሰበስባለች። የውሻ ላይ ጥፍሩ ይታያል። የሰፈሩ ሌላ ድመትም ሊሆን ይችላል፣ ግን ቢያንስ የት ቁጭ ብላችሁ እንደምትጠብቁ ታውቃላችሁ።

ጎረቤት እንዴት ይጠየቃል

እዚህ ላይ ምላስ ያስፈልጋል። "ድመቴን ማን ነው የወሰደው?" ብላችሁ ከገባችሁ በሩ ያኔ ተዘጋ። ሰላምታውን አድርሱ፣ ቡና ካለ ቁጭ በሉ፣ አቦሉን ጠጡ፣ ከዚያ "ድመታችን ጠፍቶብን ነበር፣ ምናልባት ዕቃ ቤታችሁ ገብቶ ተዘግቶበት እንዳይሆን" በሉ። የእነሱ ጥፋት ሳይሆን የድመቱ ጥፋት ሆኖ ይቅረብ። የጎረቤታችን እናት እኔ ሳለቅስ "አብሽሪ ልጄ፣ ድመት ነጃሳ አይደለም፣ በሰው ቤት ዟሪ ነው፣ ይመጣል" አሉኝና ያን ኮርኒስ በዚያ ሌሊት ከፈቱልኝ። ተጨቃጭቄ ገብቼ ቢሆን ይከፍቱልኝ ነበር? እንጃ።

የማይወራውን ልንገራችሁ። ድመት ጫጩት ትበላለች። ጫጩት የተበላበት ሰው አንዳንዴ ድመቷን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ሩቅ ወስዶ ይጥላታል። ይሄን የሠራ ሰው በጩኸት አይናገርም። ብቻውን አግኙትና "የበላብህን እኔ እክሳለሁ፣ የት እንዳደረስከው ብቻ ንገረኝ" በሉት። ከዚያ እዚያው ቦታ ሂዱ፣ ሌሊት።

ሌላም አለ። ወፍጮ ቤትና እህል መጋዘን ጥሩ ድመት አይለቁም። አይጥ ያስቸገረው ሰው መንገድ ላይ ያገኛትን ድመት ባለቤት የላትም ብሎ ቢያስገባት ሌባ አትበሉት። በአካባቢያችሁ ያሉትን ወፍጮ ቤቶች በእግራችሁ ዙሩ፤ በስልክ ቢሆን ሁሉም "የለም" ነው የሚሉት።

ሌሊት የሚያዩት ጥበቃዎች ናቸው፣ ቀን የሚያዩት ልጆች። ለልጆች ግን ብር የምትሰጡት ድመቷን ላየ እንጂ ለያዘ አይሁን። እኔ "ላመጣልኝ" ብዬ አምስት ድመት መጣልኝ፣ አንዷ እርጉዝ ነበረች።

ማስታወቂያው አጭር ይሁን፣ በሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕና በሱቆች በር ላይ። እንዲህ፦ "ድመት ጠፍቶብናል። ወንድ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ አልታየም። ያየ ሰው ሳያባርረው ያለበትን ቦታ ብቻ በስልክ ይንገረን።" ፎቶ አድርጉ፣ መላ ሰውነቱ የሚታይበት። አንድ ምልክት ግን ደብቁ። የቡሬን ግራ ጆሮ ጫፍ መቆረጥ አልጻፍኩም፤ አንዱ ደውሎ "ድመቱ እኔ ጋ ነው፣ መጀመሪያ በቴሌብር ላኪ" ሲለኝ "ጆሮው እንዴት ነው?" አልኩት። "ሁለቱም ደህና ናቸው" አለኝ። ዘጋሁት።

የጠፋችበት ምክንያት ፍለጋውን ይቀይረዋል

ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ ሴት ፍለጋ ሄዶ ይሆናል። እሱ ከሌላው በላይ ይርቃል፣ ቀናት ቆይቶ ተቧጭሮና ከስቶ ይመጣል። እርጉዝ ከሆነች ልትወልድ ተደብቃ ነው፤ የድመት እርግዝና 9 ሳምንት ገደማ ነውና ቁጠሩ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ እዩ። በቅርብ ቤት ከቀየራችሁ መጀመሪያ የድሮው ቤታችሁ ሂዱ። ተከራይ ሆነን በየዓመቱ ስንጓዝ ድመቷ ውሉን አልፈረመችም። አዲስ ቤት ስትገቡ ሁለት ሦስት ሳምንት አታውጧት።

የአይጥ መርዝ ግን ቀልድ የለውም። ሰፈር ውስጥ ሰሞኑን መርዝ ያደረገ ካለ ጠይቁ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ራሷ ትመረዛለች፤ አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው የሚታወቀው፣ ድካም፣ ከድድ ወይ ከአፍንጫ መድማት። ስታገኟት ወተት እየጋታችሁ አትጠብቁ፣ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት፣ የመርዙን ፓኬት ካገኛችሁም ይዛችሁ ሂዱ።

ስትይዟት በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዙ። የገዛ ድመታችሁም ፈርታ ልትነክስ ትችላለች። ከነከሰች ወይ ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም። የማታውቋት ድመት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ በባዶ እጅ አትንኩ።

ቤት ስትገባ ውሃ ይቅደም፣ ምግቡ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ። መዳፏን፣ ጥርሷን፣ ከጭራዋ ስር እዩ። ቀናት ሳትበላ ከቆየችና አሁንም እምቢ ካለች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ያያት። ሳምንት አልፎ ባትገኝም ሳህኑን አታንሱ፣ ከሳምንታት በኋላ ራሷ በር ላይ የምትገኝ ድመት ብርቅ አይደለችም።

አንገቷ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ አድርጉላት፣ ቅርንጫፍ ቢይዛት ሲጎተት በራሱ የሚላቀቅ ይሁን። ቡሬ የመጀመሪያውን በሦስት ቀን ጥሎታል። ሁለተኛውን የት እንደጣለው ኮርኒሱ ያውቃል።